ላሚቱ እስክትጨርስ

«ዋጠች! በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ፤ ዋጠች!»

«አልዋጥኩም እሜቴ።»

«ታዲያ ወደ ታች የወረደው ምንድን ነው? ጉሮሮሽ ዝም ብሎ ነው የሚደንሰው?»

«ምራቄ ነው።»

«ምራቋ! ስሙልኝማ እናንተ! የባሌን ጥብስ ስታላምጥ ቆይታ ምራቄ ነው ትላለች!»

ይህ ሁሉ ሲባል ሁለት ጣቶቼ የአልጣሽ ጉሮሮ ላይ ነበሩ። ሥራዬ እሱ ነው። በከተማችን «ጉሮሮ ጠባቂ» ይሉናል። አላማጭ ለጌታዋ ስታላምጥ አጠገቧ ተቀምጠን፣ ሌባ ጣታችንንና መሀል ጣታችንን ጉሮሮዋ ላይ አሳርፈን፣ ወደ ታች የሚያልፍ ነገር እንዳይኖር እንጠብቃለን። ከባድ ሥራ አይደለም። ጥፍር ማሳጠርና እጅ መታጠብ ይጠይቃል።

ወይዘሮ አሰገደች ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ጥላዬ፣ ምን ይዘጋሃል? አለፈ ወይስ አላለፈም?»

«አልፏል» አልኩ።

«ሰማችሁ!»

«ምን እንዳለፈ ግን ጣቴ አይለይም።»

«ጣትህ ካልለየ ምን ልሁን ብለህ ነው እዚህ ቤት የምትቀለበው?»

አልጣሽ አፏ ውስጥ የነበረውን ጥብስ አስቀድማ ኮባ ቅጠሉ ላይ አኑራው ነበር፤ ልሞ፣ ተድቦልቡሎ፣ እንፋሎቱ ገና አልጠፋም። ጌታዋ ባለድድ መሸሻ ከገበታው ራስ ላይ አፋቸውን ከፈት አድርገው ጉርሻውን ይጠብቁ ነበር። ጠቡ ስለ እርሳቸው ቢሆንም የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም። ከክረምቱ ወዲህ እየከሱ ሄደው ካባቸው ችካል ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር። ይበላሉ፤ ግን አይጠረቁም። ወይዘሮ አሰገደች ደግሞ አንድ ነገር ሲጎድል የሰረቀው ሰው አለ ብለው የሚያምኑ ሴት ናቸው።

ለማያውቀን ሰው ነገሩን ከሥሩ መናገር ሳይሻል አይቀርም። ከተማችንን ያቀኑት ሽማግሌ በእርጅናቸው ጥርሳቸው አልቆ፣ ልጃቸው እያላመጠች ታጎርሳቸው ነበር ይባላል። ሊጠይቃቸው የሚመጣው ሰው ሁሉ ይህን እያየ ይቀናል። የሽማግሌውን መጦር አየ እንጂ ጥርስ ማጣታቸውን አላየም። እየቆየ የተከበረ ሰው ሁሉ አላማጭ ያዘ። ቀጥሎ፣ አላማጭ ያለው ሰው ጥርስ ምን ያደርግለታል ተባለና ማስነቀል መጣ። ዛሬ አንድ ሰው ለማዕረግ ሲበቃ በከበሮና በእልልታ ጥርሱ ይነቀልለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ላይ «ባለድድ» ይታከላል። ደም እየተፋ ይስቃል፤ እኛም እናጨበጭባለን።

የዋጠች አላማጭም ጥርሷን ታጣለች። ያኔ ግን ከበሮ የለም። የተነቀለለት ባለድድ ነው፤ የተነቀለባት ድዳም ናት። ጉጠቱ አንድ ነው፤ ነቃዩም አንድ ሰው ነው።

አልጣሽ ባሏ የሞተባት፣ ዘመድም ርስትም የሌላት፣ በመንጋጋዋ የምታድር ሴት ነበረች። ማታ ቤቷ ገብታ የምትበላው ያው ቆሎ ነበር፤ ድካሟ ሁሉ ያለው አፏ ውስጥ ስለሆነ እሱንም አንዳንድ ጊዜ ጨብጣው ትተኛለች። ጥርሷን ካጣች ማንም አይቀጥራትም፤ ያጣችበት ምክንያት ደግሞ ፊቷ ላይ ተጽፎ ይኖራል።

ሌላም ሕግ አለን፤ እሱንም አስቀድሜ ልናገር። የሚያላምጥ ባለበት ቤት ቃል አይወጣም። ለጌታ የሚላመጥ ድምፅ የጌታ ድምፅ ነውና በላዩ ላይ መናገር ነውር ነው ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። ያወጡት ሰዎች ግን «ለጌታ» የምትለዋን ቃል መጨመር ረሱ። ስለዚህ የሚያላምጠው ማንም ይሁን ማን፣ መንጋጋ ከተንቀሳቀሰ ሁሉም ዝም ይላል። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ አንድ ለማኝ ደጃፍ ተቀምጦ ጅማት ሲታገል፣ ሽማግሌዎቹ ቃል ማስገባት አቅቷቸው ሙሽሮቹ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንደ ቆሙ ዋሉ። ለማኙ «ጅማቱ የሽማግሌ በሬ ነው መሰለኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ሕጉ አልተሻሻለም። ይልቅ ሠርግና ችሎት ላይ ቆሎ ይዞ መግባት ተከለከለ፤ በረኛው የእያንዳንዱን ቋጠሮ እየተቀበለ በሩ አጠገብ ሰፌድ ላይ ያኖራል።

ችሎቱ በማግስቱ ተሰየመ። ያን ሌሊት ባለድድ መሸሻ አጥሚት ጠጥተው አደሩ። ሌላ አላማጭ ቢጠሩም የምትመጣ ጠፋች፤ ነገሩ ሳይጣራ ማን ጥርሱን ያስይዛል?

ጠዋት አዳራሹ እስኪከፈት ከአልጣሽ ጋር ደጅ ተቀምጠን ነበር። ተከሳሽ እስኪፈረድበት ከጉሮሮ ጠባቂው አይለይም። ጣቶቼን ላነሳ ስል «ተዋቸው፣ ሙቀት አላቸው» አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ «ጥላዬ፣ ዳቦ አላምጠህ ታውቃለህ?» አለች።

«በየቀኑ።»

«እንደሱ አይደለም። አላምጠህ አላምጠህ፣ የመዋጫው ጊዜ ሲደርስ ሳትውጠው ይዘኸው ታውቃለህ?»

«ምን ሆኜ?»

«ይጣፍጣል። መጀመሪያ ያው ዳቦ ነው። ስትታገሰው ግን ከየት እንደመጣ የማታውቀው ማር ይገባበታል። እኔ የምተፋው ልክ ያን ጊዜ ነው። ጣፈጠ ስል ‹በቃ ልሟል፣ አምጪው› ይሉኛል።»

«ታዲያ ትናንት ዋጥሽ ወይስ አልዋጥሽም?»

ሳቀች። ጥርሶቿ ከዳር እስከ ዳር ታዩ።

«ጠባቂው አንተ አይደለህ እንዴ? ለኔ ንገረኛ!»

በሩ ተከፈተ። በረኛው ከመቀነቷ ጫፍ የቆሎ ቋጠሮዋን ፈትቶ ሰፌዱ ላይ አኖረ። ገባን።

ዳኛው ባለድድ እንግዳሸት ነበሩ። ከፊታቸው በርጩማ ላይ የትናንቱ ገበታ ለማስረጃ ቀርቧል፤ ጥብሱ ጮማው ረግቷል፣ ዳቦው ደርቋል። ባለድድ መሸሻ ከሚስታቸው ጋር ከበርጩማው አጠገብ ተቀመጡ። ዓይናቸው ከዳቦው ላይ አልተነሳም።

«አንቺ» አሉ ዳኛው፣ «ምራቄን ነው የዋጥኩት ብለሻል።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ምራቁ ከማን አፍ ወጣ?»

«ከኔ።»

«ምን አይቶ ወጣ?»

አልጣሽ አሰበች። «ጥብሱን» አለች።

«ጥብሱ የማን ነው?»

«የጌታዬ።»

«እንግዲያው ምራቁን የጠራው የጌታሽ ጥብስ ነው። ባይጠራው ኖሮ ካለበት አይነሳም ነበር። ለሰው ድግስ የተጠራን እንግዳ መንገድ ላይ ጠልፎ እቤት ማስገባት ምን ይባላል?»

ሕዝቡ በአድናቆት አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ «አቤት ዳኛ!» አለ።

«ጌታዬ» አለች አልጣሽ፣ «ምራቄን ካልዋጥኩ የት ላድርገው?»

«እሱ የችሎቱ ጥያቄ አይደለም።»

«በጆሮሽ አፍስሺው!» አለ ያው ከኋላ ያለው። ተሳቀ። እሷም ሳቀች፤ የሳቋ ንዝረት በጣቶቼ በኩል ተሰማኝ።

ቀጥሎ የተጠሩት ሊቀ ሆድ አየነው ናቸው። ሊቀ ሆድ አየነው በከተማችን ስለ ሆድ የሚጠየቁ ሰው ናቸው። ሆድ ከፍተው አያውቁም፤ የሚጠበስ ሽንፍላ እንኳ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። እውቀታቸው ሁሉ ጆሯቸውን ሆድ ላይ ለጥፈው ከውጭ የሰሙት ነው።

«ምግብ» አሉ፣ «ጉልበትና ገለባ አለው። ጉልበቱ የሚቀረው በመጀመሪያው አፍ ነው።»

ዳኛው ዓይናቸውን አፈጠጡ። «እኛ ባለድዶች ታዲያ የምንበላው ገለባ ነው ማለትዎ ነው?»

ሊቀ ሆድ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ኧረ በፍጹም! ታማኝ አላማጭ ጉልበቱን እንዳለ ታስረክባለች። የምታስቀረው ሌባዋ ናት።»

«እንዴት አድርጋ? የጎረሰችው እኮ ኮባ ቅጠሉ ላይ በሙሉ ተገኝቷል።»

«ውጣ ነዋ! ትውጠዋለች፤ ሆዷ ውስጥ ጉልበቱን ታወርድና ገለባውን መልሳ ወደ አፏ ታመጣዋለች። እዩት ቢሉ የሚታየው ገለባው ነው።»

«ሰው እንዲህ ማድረግ ይችላል?»

«ላም የምታደርገው ነገር ሰውን እንዴት ያቅተዋል?» አሉ ሊቀ ሆድ፤ ሕዝቡም ይህን ለመመለስ ሲሞክር ከበደው።

«ላም ትምጣ!» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። «ትምጣና ይታይ! ጉዷ ዛሬ ይውጣ!»

ከአዳራሹ ጀርባ ማንደፍሮ የሚባል ወተት ሻጭ ይኖራል። ዳልቻ የምትባል ላሙን እየነዳ መጣ። በረኛው ላሚቱን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ ቆሎ አለመያዟን አረጋግጦ አስገባት።

«ጌቶቼ» አለ ማንደፍሮ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «አሁን ገና ከግጦሽ መመለሷ ነው። ጠግባለች። እዚህ ጥላ ውስጥ ከተኛች...»

«የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ» አሉ ዳኛው። «ያንተ ናት?»

«የኔ ናት።»

«ታመሰኳለች?»

«ማመስኳትማ! ከጀመረች እኮ ጌታዬ...»

«ይበቃል።»

ዳልቻ ወደ መሀል ሄደች። ቦታውን አሸተተች፤ የፊት ጉልበቷን አጠፈች፣ ቀጥላ የኋላዋን ጣለችና በረጅሙ ተንፍሳ ተኛች። ሊቀ ሆድ በከዘራቸው ወደ አንገቷ አመለከቱ። ጥቂት ጠበቅን። ከዚያ ከደረቷ ሥር አንድ እብጠት ተነሳና በቆዳዋ ስር ወደ ላይ፣ ወደ ጉሮሮዋ ሲንከባለል ሁላችንም አየነው። «ወይ ጉድ!» አለ ሕዝቡ። ሊቀ ሆድ ደስ ብሏቸው «ይኸውላችሁ፣ ይህ ነው...» ሲሉ የላሚቱ መንጋጋ ወደ ግራ ሄደ።

የጸጥታ አስከባሪው ዱላውን ወለሉ ላይ መታ።

ሊቀ ሆድ ከዘራቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ። ዳኛው አስከባሪውን አዩት፤ አስከባሪው ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ፊት አየ። ላሚቱ የምታላምጠው ለማንም አይደለም። ሕጉ ግን ለማን አይልም። ዳኛው ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የለማኙን ነገር ዳኝተው ሕጉ ይጽና ያሉት እርሳቸው ነበሩ። ወደ ወንበራቸው ተደገፉ።

እንዲህ ሆነን ተቀመጥን። ዳልቻ ታላምጣለች፤ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን በከፊል ጨፍና፣ የጠዋት ሳሯን ካስቀመጠችበት አውጥታ እንደገና ታየዋለች። የያዘችውን ትውጣለች፤ ሁላችንም አፋችንን ለንግግር እናዘጋጃለን፤ ሌላው እብጠት ይነሳል፤ አፋችንን እንዘጋለን። ዳኛው ማንደፍሮን በዓይናቸው «መቼ?» ብለው ጠየቁት። ማንደፍሮ መዳፉን ጉንጩ ላይ አድርጎ አንገቱን ዘመም አደረገ፤ ገና ነው፣ እንቅልፍም አለበት ማለቱ ነበር። የሣር ሽታ አዳራሹን ሞላው። ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ባለድድ መሸሻ ላሚቱን ያዩ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ጥርስ ያለፈበት ነገር አልቀመሱም። ከአገጫቸው ላይ አንድ ነገር አብለጨለጨ፤ ምራቅ ነበር። የእርሳቸውን ምራቅ ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ ለእርሳቸውም ሳይሆን አይቀርም፤ ምግብ ሁልጊዜ የሚደርሳቸው በሌላ ሰው ምራቅ ርሶ ነበርና። በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ጣታቸውን አዩ። የላሚቱ መንጋጋ ወደ ግራ ሲሄድ የእርሳቸው አገጭ ተከተለው። ወደ ቀኝ ሲሄድም ተከተለው።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከማስረጃው ዳቦ ቆረሱ።

ወይዘሮ አሰገደች ብድግ አሉ። ዱላው ወለሉን መታ። ቁጭ አሉ።

ያደረ ዳቦ ለድድ ጽኑ ነው። መጀመሪያ አፋቸው ውስጥ ቦታ እንዳጣ እንግዳ ከጉንጭ ጉንጭ ተንከራተተ። ጨመቁት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አልተፉትም። ላሚቱን እያዩ፣ ልክ በእርሷ ልክ፣ ሳይቸኩሉ ያሹት ጀመር። አዳራሹ ሙሉ እርሳቸውን ያይ ነበር። ዳኛው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ከመዳፋቸው ሥር ግን ጉንጫቸው ሲሄድ ሲመለስ ታየኝ፣ ባዶ አፋቸውን። የፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ባለድዶችም እንደዚያው።

አልጣሽ ጣቶቼን ከጉሮሮዋ ላይ አንድ በአንድ አነሳችና፣ የተዋሰችውን ዕቃ እንደምትመልስ ሴት፣ ጉልበቴ ላይ አኖረችልኝ።

ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። በላሚቱ በኩል ዞራ፣ ጅራቷን እንዳትረግጥ ተጠንቅቃ፣ በሕዝቡ መሀል አለፈች። ሰዎቹ ዓይናቸውን ከባለድድ መሸሻ ሳይነቅሉ እግራቸውን እየሰበሰቡ አሳለፏት። በሩ ላይ ስትደርስ ከሰፌዱ ቋጠሮዎቹን አገላብጣ የራሷን አነሳች። በረኛው አያት። ወደ ዳኛው ዞረ፤ ዳኛው ወደ ባለድድ መሸሻ ዞረዋል። በረኛውም ወደዚያው ዞረ።

ያን ጊዜ የባለድድ መሸሻ አገጭ ቆመ። ዓይናቸው ተከፈተ። ከየት እንደ መጣ የማያውቁት ነገር አፋቸው ውስጥ የገባባቸው ይመስል ነበር። ምን እንደ ሆነ እኔ ገባኝ፤ ጠዋት ሰምቼው ነበርና። «በቃ ልሟል» የሚላቸው ሰው አልነበረም። ይዘውት ቆዩ። ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩና ከአጠገቤ ያለውን ባዶ ቦታ አዩ፤ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ዋጡ።

በዚያው ቅጽበት ዳልቻም የያዘችውን ዋጠች።

በአዳራሹ ውስጥ የሚያላምጥ አልነበረም። ማንም የፈለገውን ሊናገር ይችል ነበር። ከውጭ፣ ከመንገዱ በኩል፣ ቆሎ በጥርስ ሲደቅ ተሰማ፤ እየራቀ ሄደ። ወይዘሮ አሰገደች ባላቸውን ያዩ ነበር። ሊቀ ሆድ ከዘራቸውን አወረዱ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እ...» አሉ።

ባለድድ መሸሻ ሁለተኛውን ዳቦ ቆረሱ፤ በላሚቱ አንገት ላይም ሌላ እብጠት ወደ ላይ ተነሳ።